እግዚኦ 41

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች የቡና ውኃችን 93 ዲግሪ ላይ ይንተከተካል። የእህቴ ልጅ ኮምፒዩተር ግን 95 ላይም ሠርግ ታቀናብራለች። ቁመናዋ ከመዝሙረ ዳዊት ብዙም አይበልጥም፤ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ግን የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል።

ጣጣው የሚመጣው ቪዲዮው ተቆራርጦ፣ ዘፈኑ ገብቶ፣ «ኤክስፖርት» ሲባል ነው። ማራገቢያዋ ታፏጫለች፤ መቶኛው 30፣ 40 እያለ ይወጣል፤ ከዚያ ድርግም! ወዲያው ምንም እንዳልተፈጠረ የአምራቿን ምልክት አብርታ ትነሳለች። ሙሽሪት ከአባቷ ቤት ሳትወጣ ቀረች ማለት ነው።

ልጁ ሲጠየቅ ሲጠየቅ ቆይቶ ኦቨርክሎክ እንዳደረጋት አመነ፤ ፋብሪካው ከወሰነላት ፍጥነት በላይ እንድትሮጥ ባዮስ ገብቶ አዟታል። ሙያው አዲስ አይደለም። በ1998 እ.ኤ.አ. በ300 ሜጋኸርዝ የተሸጠውን የኢንቴል ሴሌሮን ብዙ ሰው 450 ላይ ያስሮጠው ነበር፤ ልጁ ይህን ሲተርክ ድምፁ ሁሉ ይለወጣል። ሒሳቡን ግን ዘሎታል። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ይጨምራል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው የሚያድገው። ሁለቱን በ10 በ10 በመቶ ከፍ ብታደርግ ፍጆታው በ33 በመቶ ይንራል።

ወሬው ከቤት ወጣ፤ መድኃኒተኛውም በዛ። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ባለሙያ ገና ሳይከፍታት «ፎርማት ይደረግ» አለ። በአገራችን ኮምፒዩተር ወንዝ ቢወስደው እንኳ ፎርማት ይደረግ የሚል አይጠፋም። ተደረገች። በአዲሱ ዊንዶውስ ይበልጥ አምሮባት ጠፋች። ሌላው ከፈታትና የበጋውን አቧራ ጠርጎ፣ የደረቀውን የሙቀት ቅባት ቀየረላት። ሙቀቷ በእርግጥ ወረደ። መጥፋቱን ግን አልተወችም።

ከደባርቅ የመጣ ጎረቤታችን «እኛ ዘንድ ውሰዷት፤ ብርዱ ልክ ያስገባታል» ሲል መከረ። ነገሩ ግማሽ እውነት አለው። ደባርቅ ይበርዳል፤ ነገር ግን 2,800 ሜትር ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ እዚህ ጎንደርም በአንድ አምስተኛ ያህል። ማራገቢያ ሙቀት የሚያወጣው በሚገፋው አየር ክብደት ልክ ነው። ስስ አየር ሯጭ ያፈራ ይሆናል፤ ለማራገቢያ ግን አልተፈጠረም።

ቀጥሎ ጣት የተቀሰረው በአከራያችን በእትዬ ምጣድ ላይ ነው። ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ስለሚል ልጁ እንጀራው ለሌላ ቀን ይቆይለት ዘንድ ሊለምናቸው ሄደ።

«የኔ ልጅ፣» አሉት እትዬ፣ «ሠርግ ላይ የሚበላው እንጀራ ነው ወይስ ቪዲዮ?»

ምጣዱ በኋላ በማስረጃ ነፃ ወጥቷል። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይሠራል ተብሎ ተጽፏል፤ 220ው ወደ 190 ቢወርድ ጉዳዩም አይደል።

በመጨረሻ ልጁ የዊንዶውስን መዝገብ ከፈተ። በጠፋችበት ሰዓት ሁሉ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ተጽፏል። እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ ትፈትል ነበርና ቁጥሩን ስትሰማ «41? በሉ እግዚኦ በሉላት እንጂ!» ብላ እንዝርቷን አስቀመጠች። እውነቱን ለመናገር መዝገቡም ከእሷ የተሻለ አላወቀም። 41 የሚለው ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን ነው፤ ለምን እንደጠፋ አይናገርም።

እኔ ግን አጠፋፏ ራሱ ነገር ይዟል ባይ ነኝ። ዘመናዊ ፕሮሰሰር ሲግል ዝም ብሎ አይወድቅም። 95 ወይም 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አስቀድሞ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሥራው ይጎተታል፤ የሚጠፋው ሙቀቱ ከዚያም አልፎ ከገፋ ነው። እሷ ደግሞ ሳትጎተት፣ በሙሉ ሩጫ ላይ ነው ድርግም የምትል። ይህ ብዙ ጊዜ የኃይል እጥረት ጠባይ ነው። ስለዚህ ቻርጀሩን ገለበጥነው፤ 65 ዋት ይላል። ኮምፒዩተሯ ሆድ ላይ የተለጠፈው 120 ይላል። ዋናው ቻርጀር ዐምና አንድ ሚዜ ተውሶት በዚያው ቀርቷል፤ ይኸኛው ጫፉ ልክ ስለገባ ብቻ ከቅዳሜ ገበያ ተገዝቶ የመጣ ነው።

ፈተናው ቀላል ነበር። በዚያው ደካማ ቻርጀር፣ ፍጥነቷን ወደ ፋብሪካው መልሰን ኤክስፖርት አልናት፤ ሠርጉ እስከ መልሱ ድረስ ሄደ። ከዚያ ባለ 120 ዋት ቻርጀር ተገኝቶ ፍጥነቷ እንደገና ከፍ ተደረገ፤ አሁንም ሳትጠፋ ጨረሰች። ሙቀት፣ ዊንዶውስ፣ ምጣድ፣ ደባርቅ ሁሉም ከክሱ ወጡ። ትርፉም ታወቀ፦ 10 በመቶ ፍጥነት የአንድ ሰዓቱን ሥራ በአምስት ስድስት ደቂቃ ያሳጥረዋል።

ቪዲዮው ለባለሠርጎቹ በተሰጠ ማግስት የሙሽሪት እናት ደወሉ። ልጃቸው ከመኪና ስትወርድ ቶሎ ስላለፈችባቸው ከዚያ እስከ ድንኳኑ ያለው ሁሉ በስሎ ሞሽን ተደርጎ እንዲመጣላቸው ይፈልጋሉ።