አንገት ደፊው ባለ ቮልስ

አዲስ አበባ ውስጥ ትሑት ሰው ማየት ያማረው አሮጌ ቮልስ የሚነዳ ረጅም ሰው ይፈልግ። አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። መንገድ ዳር የቆሙ ሽማግሌ ሰላም ያላቸው መስሏቸው ባርኔጣቸውን ያነሡለታል። ሰውየው ግን ማንንም ሰላም አላለም፤ እጅ ያስነሣው ጣሪያው ነው።

ሲገባ ማየት ደግሞ ራሱን የቻለ ትርዒት ነው። መጀመሪያ ቀኝ እግሩን ይልካል፣ ከዚያ መቀመጫውን፣ ቀጥሎ ጭንቅላቱን ይሰበስባል። ውጭ የቀረውን ግራ እግሩን በሁለት እጁ አንሥቶ ያስገባና በሩን ይዘጋል፤ አንዳንዴም በሁለተኛው ሙከራ። ከተቀመጠ በኋላ ጉልበቶቹ በመሪው ግራና ቀኝ ዘብ ይቆማሉ። ፍሪሲዮን በለቀቀ ቁጥር ግራ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይላተማል። አርባ አምስት ቁጥር ጫማ ፍሬንና ነዳጁን አንድ ላይ ስለሚረግጥ ጫማውን አውልቆ የሚነዳም አለ። ዓይኑ ከፊት መስታወቱ የላይኛ ጠርዝ ጋር ስለሚተካከል የትራፊክ መብራት አይታየውም። አረንጓዴ መብራቱን የሚያውቀው ከኋላው ያለው ሰው ክላክስ ሲያስጮኽ ነው።

«አይጠብህም ወይ?» በሉት።

«ኧረ ሰፊ ናት! ውጭዋን አይተህ አትፍረድ።»

ፈጽሞ ዋሸ አይባልም። ቮልስ አራት ሜትር ያህል ርዝመትና አንድ ሜትር ተኩል ቁመት አላት። ጣሪያዋም ከሹፌሩ ራስ በላይ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ለጭንቅላት ከብዙ አሮጌ መኪኖች ትሻላለች። ርዝመቷ ከሦስት ሜትር ብዙም ፈቀቅ ከማትለው ፊያት 600 ጋር ስትተያይ ደግሞ አዳራሽ ናት። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፈርዲናንድ ፖርሽ ሲነድፏት የተሰጣቸው ትእዛዝ ሁለት ዐዋቂና ሦስት ልጆች እንድትይዝ የሚል ነበር። የኛ ሰው ሲነዳት ሦስቱ ልጆች የት ይቀመጡ? ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ስቧል። አልበቃ ሲለው በያጅ ዘንድ ወስዶ ሐዲዱን አስቀጥሏል። የኋላው ወንበር አሁን ዘንቢል ብቻ ነው የሚያስተናግደው፤ እሱም ባዶ ከሆነ።

በዚህች መኪና ታሪክም ቀልዷል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቁመታቸው አጭር ሆኖ ሳለ የሚሄዱት በሮልስ ሮይስ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሲወርዱ ደርግ ያቀረበላቸው ግን ቮልስ ነው። ቮልስ ያላት ሁለት በር ብቻ ስለሆነ የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሁሉ፣ ንጉሥም ቢሆን፣ የፊቱን ወንበር አሳጥፎ ጎንበስ ማለት ግድ ይለዋል። የፖለቲካውን ትተን በቁመት ብቻ ብናየው ቮልሷን ለጃንሆይ፣ ሮልስ ሮይሱን ለዚህ ለረጅሙ ወዳጃችን ማከፋፈል ይሻል ነበር።

ውጭ አገር ሰውና መኪና አንገጥም ሲሉ መኪናዋን የሚያርሙ ነበሩ። የመኪና አምራቹ የሲትሮየን አለቃ ፒየር ቡላንዤ ረጅም ሰው ነበሩና 2ሲቪ የተባለችው መኪና ስትሠራ ባርኔጣ ሳያወልቁ የሚቀመጡባት እንድትሆን አዘዙ። ፎርድ ጂቲ40 የተባለችው የእሽቅድድም መኪና ስሟን ያገኘችው ከመሬት እስከ ጣሪያዋ 40 ኢንች፣ ማለትም ከአንድ ሜትር እምብዛም ስለማትበልጥ ነው። አሜሪካዊው ዳን ገርኒ በቁመቱ የታወቀ እሽቅድድመኛ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1967 «ለ ማን» ለተባለው የመኪና ውድድር በቀረበችው የዚሁ ዘር መኪና ውስጥ የራስ ቁሩ አልገባ አለ። መሐንዲሶቹ ጣሪያውን ከራሱ በላይ ጉብ አድርገው ሠሩለት። ገርኒም ከኤ. ጄ. ፎይት ጋር እየተፈራረቀ ነድቶ አሸነፈ። የኛ ሰው ግን ጣሪያው ይነካ ሲባል ዓይኑ ይቀላል። «ኦርጅናል ናት፣ አትነካም!» ይልና አንገቱን ያጣምማል።

ይኸው ሰው መኪናዋ ጋራዥ ስትገባበት ሚኒባስ ይሳፈራል። ያን ጊዜ ስሙት። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራተኛ ሲጨመር፣ «ይኼ ለሰው ነው ለበግ?» ብሎ ረዳቱን ያፋጥጣል። «ጠጋ በሉ» ሲባል ስለ ሰብአዊ መብት ይተነትናል። ጉልበቱ ከፊቱ ወንበር ጋር በመነካካቱ ብቻ አገሪቱ እንደማታድግ ይተነብያል። በማግሥቱ ቮልሱ ውስጥ ተጣጥፎ፣ ከሚኒባሱ በባሰ ሁኔታ፣ እያፏጨ ያልፋል። በገዛ ገንዘብ የተገዛ ጥበት አይጠብም።

አሮጌ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ረጃጅሞች ሆይ! የሞተሩን ድምፅ ለመካኒክ ታሰማላችሁ፣ ሊብሬውን ትመረምራላችሁ፣ የሻንሲ ቁጥሩን በጨርቅ ወልውላችሁ ታነባላችሁ፣ ዝገት ፍለጋ ከሥሯ ትተኛላችሁ። ጉልበታችሁን ማማከር ግን ትረሳላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ሥራ በሚወጣበት ሰዓት ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ንዷት። ወርዳችሁ ቀጥ ብላችሁ መቆም ከቻላችሁ ግዟት። ካልቻላችሁም መግዛታችሁ አይቀርም፤ ብቻ «ሰፊ ናት» አትበሉን።