ከተማን በሠንጠረዥ የመመዘን ጥበብ

የኑሮ ውድነት ንጽጽር ሁለት ከተሞችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የት መኖር እንደሚረክስ የሚያሰላ ጥበብ ነው። ለመሄድ ከመወሰን በፊት እንደሚከናወን ይነገራል፤ በተግባር ግን የሚጀመረው ውሳኔው ካለቀ በኋላ፣ ለትዳር ጓደኛና ለዘመድ የሚቀርብ ማስረጃ ብቻ ሲጎድል ነው። ጥበቡ በዋሽንግተን ዙሪያ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ዳብሯል። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድርያ ብርዱ ሲጠና፣ የቤት ኪራይም ሲጨምር፣ ከአዲስ አበባ ጋር የማነጻጸር ወቅት ይገባል።

ዋናው መሣሪያ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ነው። ሜርሰርን የመሰሉ ድርጅቶች ኒው ዮርክን 100 አድርገው ሌሎቹን ከተሞች በእርሷ ይለካሉ። ዓላማቸው አንድና ግልጽ ነው፤ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ወደ ውጭ ለሚልኳቸው ሠራተኞች ስንት ሊከፍሏቸው እንደሚገባ መንገር። አነጻጻሪውን የላከው ኩባንያ የለም፤ ይህ ግን አያግደውም፣ ራሱን በራሱ ይልካል።

በነጻ የሚገኘው ድረ ገጽ ኑምቤኦ ደግሞ ዋጋ የሚሰበስበው ከተጠቃሚዎች መዋጮ ነው። ከዝርዝሩ መካከል የሰንበት ቀን የአንድ ሰዓት የቴኒስ ሜዳ ኪራይ፣ ሊቫይስ ጂንስ፣ አንድ ፓኮ ማርልቦሮና ካፑቺኖ ይገኙበታል። ጤፍ፣ በርበሬና ሽሮ የሉበትም። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ካፑቺኖ፣ ማታ የዶሮ ደረት፣ እሁድ ቴኒስ የሚል ሰው ወጪው በውል ይታወቃል። ሠንጠረዡ ረቡዕና ዓርብን አይለይም፣ ስለ ዐቢይ ጾምም አልሰማም፤ በእርሱ ዘንድ ሥጋ ዓመቱን ሙሉ ይበላል። ከመለኪያዎች ሁሉ ታማኙ ኢኮኖሚስት መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረው የቢግ ማክ መለኪያ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ማክዶናልድ ስለሌለ ስለ አዲስ አበባ ዝም ብሏል።

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ችግሩን ያውቁታል፤ የየትኛው ከተማ የሸመታ ቅርጫት ይመዘን የሚል ነው። ጀርመናዊው ላስፔረስ እ.ኤ.አ. በ1871 የመነሻውን ቅርጫት ይዞ የሚያሰላ ቀመር አቀረበ፤ በ1874 የአገሩ ልጅ ፓሸ የመድረሻውን ቅርጫት የሚይዝ ሌላ ቀመር አስከተለ። ሁለቱም ዘመንን ከዘመን ለማወዳደር የወጡ ቢሆኑም ለከተሞችም ይሠራሉ። ስሌቱ መኪና፣ አይብና ፈጣን ኢንተርኔት ባለበት በሲልቨር ስፕሪንግ ቅርጫት ሲሠራ፣ አዲስ አበባ ያን ያህል አትረክስም። የቤት ሠራተኛ፣ ጥበቃና የጉልት ጎመን ባለበት በአዲስ አበባ ቅርጫት ሲሠራ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ አትቀመስም። ሰው በየከተማው የረከሰውን አብዝቶ ስለሚገዛ ሁለቱ መልሶች አይገናኙም። ምሁራን እነርሱን ለማስታረቅ ብዙ ደክመዋል። አነጻጻሪው አይደክምም፤ መሄድ ካማረው ፓሸን፣ መቅረት ካማረው ላስፔረስን ይመርጣል፣ ያውም ስማቸውን ሳይሰማ።

ቀጣዩ እርምጃ ምንዛሪ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። በዶላር በሚሰላ ሠንጠረዥ አዲስ አበባ በአንድ ሰሞን ረከሰች፤ ይህን የምሥራች ለደንበኞቹ ያበሰረ ባለሱቅ ግን አልተገኘም። ቀመሩ እንዲሠራ አንድ ቅድመ ሁኔታ ይበቃል፤ ገቢ በዶላር፣ ወጪ በብር። ዶላሩ የሚገኘው ከሥራ መሆኑን፣ ሥራውም ሲልቨር ስፕሪንግ እንደሚቀር ማንሳት የንጽጽሩን መንፈስ ያበላሻል።

ቤት በአንድ መስመር ይጠቃለላል፤ ባለ ሦስት መኝታ፣ መሃል ከተማ። ውሃ በፈረቃ፣ መብራት በዕድል መምጣቱ ዋጋ ስላልሆነ አይጻፍም። ሮቶው፣ ፓምፑና ጄኔሬተሩ ዋጋ ቢኖራቸውም «ልዩ ልዩ» በሚል ስም ግርጌ ላይ ይሰፍራሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ደላላው ግን ከውጭ የመጣን ተከራይ ገና አፉን ሲከፍት ይለየዋል፣ ዋጋውንም እዚያው ይቆርጥለታል፤ ይህ ዋጋ በአዋጁም በሠንጠረዡም አይገኝም።

ትልቁ የጎደለ ዓምድ ዘመድ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በየወሩ ለቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ «የሚቀር ወጪ» ተብሎ ይሰረዛል። በእርግጥም የሚቀር ነገር አለ፤ የሐዋላ ክፍያው ይቀራል። ጥያቄው ግን በስልክ መምጣቱን ትቶ በር ያንኳኳል። የዕድር፣ የማኅበር፣ የሰርግና የተዝካር መዋጮም ይከተላል፤ ኒው ዮርክ 100 የምትባልበት ዕድር ስለሌለ ቦታው ባዶ ይተዋል። ለቅሶ ሲደርስ ድንኳኑን ተክሎ፣ ወንበሩን ደርድሮ፣ ሰውን ይዞ የሚቀርበው ያው ዕድር በገቢ በኩልም አይመዘገብም። በዚህ ረገድ ሠንጠረዡን አድልቷል ብሎ የሚከስ አይኖርም፤ ወጪውንም ጥቅሙንም እኩል አያውቅም።

የመጨረሻው ደረጃ እርማት ነው። ውጤቱ ካልጣመ የሚታረመው ሠንጠረዡ ነው፤ ውሳኔው አይነካም። ቤቱ ከቦሌ ወደ አያት ይዛወራል፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ደረጃው ዝቅ ይላል፣ «ልዩ ልዩ» በግማሽ ይቀነሳል። መቅረት የተፈለገ እንደሆነ ደግሞ ሁሉም ወደ ላይ ይታረማል። ከዚህ የቀለለ መንገድ እንዳለ አይካድም። ባለፈው ዓመት በእርግጥ የተከፈለውን በደረሰኝ መዘርዘር፣ አዲስ አበባ ላለች እኅት ደውሎ የእያንዳንዱን ዋጋ በብር መጠየቅ፣ በመጨረሻም እዚያ የሚገኘውን ደመወዝ በብር ከጎኑ ማስቀመጥ ይቻላል። ዘዴው ከአንድ ምሽት በላይ አይፈጅም፤ ነገር ግን ያልተፈለገ መልስ ሊሰጥ ስለሚችል በጥበቡ ሊቃውንት ዘንድ አይመከርም።