ጠቅ አድርጎ የሚጠቀልለው

«ዘመኑ የኮምፒውተር ነው። ዝርዝሩን ካርታ አስገብተህ አንድ ቁልፍ ጠቅ ስታደርግ የተጠቃለለው ካርታ ይወጣል። ካርቶግራፈር ምን ይሠራልናል?» አልክ? እናንተ፣ ስሙልኝ! ወንድሜ፣ የተባልከው አጠቃልል ነው። አንተ ጠቅ አድርገህ ጠቀለልከው። ማጠቃለልና መጠቅለልን ያልለየ ሰው ደቡብ ኦሞን ሊያሳንስልን ተነሳ።

እስቲ ሒሳብ። በ1:50,000 ካርታ ላይ አንድ ሳንቲሜትር 500 ሜትር ነው። በ1:250,000 ላይ 2.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ግማሽ ሚሊሜትር የምትወፍር የመንገድ መስመር መሬት ላይ 125 ሜትር ትይዛለች። ጂንካ ውስጥ ይህን የሚያክል መንገድ ካየህ ንገረኝ፣ መኪና ልግዛ። መንገዱ ሲወፍር አጠገቡ ያለው ወንዝና ቤት ይገፋል። ማን ይገፋ? ወዴት? ቁልፍ እጅህ ስለገባ ቤቱ ያንተ መሰለህ እንዴ?

ኦሞ ደግሞ ይጠማዘዛል። ዳግላስና ፖይከር እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጡት ቀመር የመስመሩን ሁለት ጫፎች ይዞ ቀጥ ያደርጋል፣ ከቀጥታው ብዙ ያልራቀውን ጥምዝ ይጥላል። ጎበዝ ቀመር ነው፣ ዓለም ይሠራበታል። ኦሞራቴ ከወንዙ በስተምሥራቅ መሆኗን ግን ማን ነገረው? ጥምዙን ሲቆርጥ ከተማዋን ያለ ጀልባ ማዶ ያሻግራታል። የካራዋ መንደር ኮርቾ ገደል ጫፍ ላይ ሆና ቁልቁል የምታየው ያንኑ ጥምዝ ነው። ነጥቀሃት ምን ልታሳያት ነው? ለመሆኑ ወንዙን በየትኛው ኦሞ ብታጥበው ነው እንዲህ ሙልጭ ያለው?

«ትንሽ ትንሹ ይሰረዝ» አልክ። ትንሽ በማን ዓይን? ሐሙስ ቀይ አፈር ውጣ። በናው፣ ፀማዩ፣ አሪው ከየአቅጣጫው ገበያውን ይሞላዋል። ሰፈርን በቤት ብዛት ብቻ ምረጥ ያልከው ፕሮግራም ቤት ይቆጥራል፣ ሐሙስን አይቆጥርም። ቀይ አፈርን አፈር ድሜ አበላሃት!

ቱርሚ አጠገብ ደግሞ የካስኬ ወንዝ አለልህ። በበጋ አሸዋ ብቻ ነው። ፕሮግራምህ «ደረቅ ነው፣ ይውጣ» ይላል። የሐመር ሴት መጥታ አሸዋውን በእጇ ትቆፍራለች። ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ውሃ ሲያጠራቅም ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ ከዚያ በቅል እየጨለፈች ጀሪካኗን ትሞላለች። ደረቁስ መመሪያህ ነው!

እዚህ ላይ ሳቁን ያዙልኝ። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰው ሲሞት፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በውሃ በተከበበ ቁራሽ መሬት ላይ ቀርቶ ነበር። የነፍስ አድን ጀልባ የሚፈልገው ያንን ቁራሽ ነው። ካርታው ላይ ነጥብ ስለምታክል «አትታይም» ብለህ የምታጠፋትን።

«ሆላንዶችስ?» አልክ። ጎሽ፣ ይህን እንኳ ሰምተሃል! የሆላንዱ የካርታና የመሬት ምዝገባ መሥሪያ ቤት፣ ካዳስተር፣ 1:50,000 ካርታውን ከ1:10,000 መረጃ ያለ ሰው እጅ ያወጣል። ቁልፉን የተጫኑት ግን ባለሙያዎቹ ሕጉን አንድ በአንድ ጽፈው፣ ሞክረው፣ ለተጠቃሚ አሳይተው፣ አርመው ሲያበቁ ነው። አንተ ለቦይ አገር የተጻፈ ሕግ ይዘህ ካስኬ አሸዋ ላይ ልትቀዝፍ?

መረጃውስ የመቼ ነው? ጂንካ መሃል ከተማ የነበረው የሣር ማረፊያ ቀርቶ አዲስ አየር ማረፊያ ተሠርቷል። አሮጌውን ወረቀት ካጎረስከው ፕሮግራምህ አውሮፕላኑን በከፍተኛ ፍጥነት የድሮው ሜዳ ላይ ያሳርፍልሃል።

ማሽን ጠላህ አትበለኝ። ይህ 1.1 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር አገር በእጅ ተስሎ አያልቅም። የድሮው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ሰዎች በብዕር የለፉበትን ሥራ የዛሬው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ለኮምፒውተር ቢሰጠው ደስታዬ ነው። ብቻ መረጃው ውስጥ «አይሰረዝ» የሚል አንድ ዓምድ ጨምር። የሚሞላውም ካስኬን ቆፍሮ የጠጣ ሰው ይሁን። ጂንካ ዩኒቨርሲቲ እዚያው አፍንጫህ ሥር ነው፣ ተማሪዎቹን መዝገብ አስይዘህ ሐመርና ዳሰነች ላካቸው። ዓምዱ ሞልቶ ሲመጣ ቁልፉን ጠቅ አድርግ። ጣትህ ከተንቀጠቀጠ ጥራኝ፣ እኔ እጫንልሃለሁ።