የሰው ደመወዝ በሰላም ማወቂያ መንገድ

በእኛ ወግ ሰውን «ደመወዝህ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ዕድሜ ይጠየቃል፣ ትዳር ይጠየቃል፣ «ሁለተኛ ልጅስ መቼ ነው?» ይባላል፤ ደመወዝ ግን የባለቤቱ ምስጢር ነው። ይህን ምስጢር የማወቅ ጉጉት እንቅልፍ ከነሳዎ ጎረቤትዎን ይተዉትና ወደ አሜሪካው ሊግ፣ ወደ ኤንቢኤ ይምጡ። እዚያ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ደመወዝ እንደ በርበሬ አደባባይ ላይ ተሰጥቷል። ቢቆጥሩት የሚቆጣዎት የለም። ሳይዘጋጁ እንዳይገቡ ግን ጥቂት ምክር ልለግስዎት።

አንደኛ፣ ገንዘቡን ወደ ብር አይመንዝሩ። የአንድ ኮከብ ተጫዋች ደመወዝ ሲመነዝር ያመሸ ሰው፣ በማግስቱ ቢሮ ገብቶ ለመፈረም እጁ አይታዘዝለትም።

ሁለተኛ፣ ለመለማመጃ የሚሆን ቡድን ይምረጡ። ለጀማሪ በእነሱ አቆጣጠር የ2024-25ቱን ፊኒክስ ሰንስ አዝዝልዎታለሁ። ኬቪን ዱራንት 51.2 ሚሊዮን ዶላር፣ ብራድሊ ቢል 50.2፣ ዴቪን ቡከር 49.2። ይደምሩት፤ 150.6 ሚሊዮን ይመጣል። አሁን ሊጉ ለዚያው ዓመት የቆረጠውን የደመወዝ ጣሪያ ይመልከቱ፤ ለመላው ቡድን 140.6 ሚሊዮን ነው። ሦስት ሰዎች ብቻቸውን ጣሪያውን በስተው ወጥተዋል! የገንዘብ ጉድለት ያጋለጡ መስሎዎት ለማንም እንዳይደውሉ። ይህ ጣሪያ እንደ ሣር ቤት ጣሪያ ነው፤ ጭስ ያስወጣል። አንድ ቡድን ነባር ተጫዋቹን ለማቆየት ሲል ጣሪያውን አልፎ መክፈል ይችላል። መብቱም በቦስተኑ ተጫዋች በላሪ በርድ ስም ይጠራል።

ሦስተኛ፣ ጣሪያውን በብዙ ያለፈ ቡድን ግብር እንደሚጠብቀው አይርሱ። በዚያ ዓመት ከ170.8 ሚሊዮን በላይ የከፈለ ቡድን የቅንጦት ግብር ይጣልበት ነበር። ከዚህ መስመር በራቀ ቁጥር ደግሞ ተመኑ ይከብዳል። ፊኒክስ ለግብሩ ብቻ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ምን አተረፈ? 36 ጨዋታ አሸንፎ፣ 46 ተሸንፎ፣ ጥሎ ማለፉን በቴሌቪዥን ተመለከተ። ከግብሩ ከፊሉ የሚከፋፈለው ደግሞ መስመሩን ላላለፉት ቡድኖች ነው። ከእነሱ አንዱ፣ ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር፣ በዚያው ዓመት ዋንጫውን አነሳ። ደጋሹ ፊኒክስ፣ ድግሱን ቀማሹ ኦክላሆማ!

አራተኛ፣ የደመወዝ መዝገቡን ከግርጌ ጀምረው ያንብቡ። ከላይ ያሉትን ሕፃንም ያውቃቸዋል። ጥበቡ ያለው ከታች ነው። በዋናው ቡድንና በታዳጊው ሊግ መካከል በሚያመላልስ የሁለትዮሽ ውል የተቀጠረ ወጣት በ2024-25 578 ሺህ ዶላር ገደማ ያገኝ ነበር፤ እስከ 50 ጨዋታም ሊሰለፍ ይችላል፤ ለጣሪያው ሲቆጠር ግን እንዳልተወለደ ነው። በአንጻሩ ከቡድኑ ከወጡ የቆዩ ሰዎች ስማቸው ከነገንዘቡ ተጽፎ ያገኙታል። የሚጫወተው አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው አይጫወትም። እዚህ ጋ ግራ ከተጋቡ ትምህርቱ እየገባዎት ነው።

አምስተኛና ዋናው፣ ዕዳ እንዴት እንደሚለጠጥ ያጥኑ። ቢል በ2022 ከዋሽንግተን ዊዛርድስ ጋር የአምስት ዓመት፣ የ251 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ ነበር። ካልፈቀደ በቀር ወደ ሌላ ቡድን እንዳይዛወርም በውሉ አስጽፏል። በኋላ ሲዛወር ፊኒክስ ውሉን ከነአንቀጹ ወረሰ። በ2025 ክረምት ሊያሰናብተው ሲወስን የሁለት ዓመት ክፍያ ይቀረው ነበር። ቢል 14 ሚሊዮን ገደማ ማረለት፤ የተረፈው 97 ሚሊዮን አካባቢ ነው። አሁን ደንቡን ልብ ይበሉ፦ የቀረውን ዘመን በሁለት ያባዙታል፣ አንድ ይጨምሩበታል። የሁለት ዓመቱ ዕዳ አምስት ዓመት ሆነ። ቢል ለሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ፈርሞ ሄደ፤ ፊኒክስ ግን እስከ 2030 ድረስ በየዓመቱ 19.4 ሚሊዮን ዶላር በስሙ ይመዘግባል።

እነዚህን አምስት ምክሮች የጨረሰ ሰው ባለሙያ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይቀረኛል፦ ሙያውን ወደ ሰፈር ይዘው እንዳይመለሱ። እኔ ሞክሬዋለሁ። የሁለት ወር ዱቤ ነበረብኝ፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ ስኳር። ባለሱቁ ዘንድ ሄጄ፣ ሁለቱን ወር በሁለት አባዝተን፣ አንድ ጨምረን፣ በአምስት ወር እንድከፍለው በትሕትና አስረዳሁት። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ እንደሚሠራም ነገርኩት። እስክጨርስ ድረስ አላቋረጠኝም። ከዚያ ደብተሩን ቀስ ብሎ ዘጋና፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በእኛ ወግ የማይጠየቀውን ጠየቀኝ፦

«ለመሆኑ ጋሼ፣ ደመወዝዎ ስንት ነው?»