ለፎቶ ማሳመሪያ ስንቴ እንክፈል?

ስቶክሆልም ውስጥ የሐበሻ ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት የምናነሳ ሰዎች ድሮ ስንገናኝ ወሬያችን ሌንስ ነበር። የቱ ጨለማ ይችላል፣ የቱ ለፊት ያምራል፣ ማን ያገለገለ ይሸጣል እንባባል ነበር። አሁን ሌላ ወሬ የለንም። «አንተ በምን ነው ኤዲት የምታደርገው? ስንት ገባ? እሱም ጨመረ እንዴ?» ብቻ ሆኗል። ሰው ፎቶውን ትቶ የሶፍትዌር ዋጋ ሲከታተል ይውላል። ኧረ ደከመን!

መዘዙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አዶቤ ከእንግዲህ ፎቶሾፕን አልሸጥም፣ በየወሩ ትከፍላላችሁ ያለው ያኔ ነው። በአንድ ጊዜ ክፍያ የተሸጠው የመጨረሻው ፎቶሾፕ የ2012ቱ ሲኤስ6 ሆኖ ቀረ። ሌላው የአዶቤ ፕሮግራም ላይትሩም ትንሽ ቆየ፤ በ2015 ስድስተኛው እትም ወጣና በ2017 የእሱም በር ተዘጋ። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘው የፎቶ አንሺዎች ጥቅል በወር 9.99 ዶላር ስለነበር ብዙ ሰው «ይሁን፣ የአንድ ምሳ ዋጋ ነው» ብሎ ዝም አለ። ከዚያ 2025 ሲገባ ያ ርካሹ ጥቅል ለአዲስ ገቢ ተዘጋ። ሁለቱንም ፈልጎ አዲስ የሚጀምር ሰው የሚያገኘው በአሜሪካ ዋጋ 19.99 ዶላር የሆነውን ነው። ዛሬ ካሜራ ገዝቶ ሥራ ልጀምር የሚል ወጣት እኛ ከጀመርንበት እጥፍ ይከፍላል ማለት ነው፤ ያውም ገና አንድ ክርስትና ሳያነሳ።

መክፈሉን እንኳ እንቻለው። የሚያንገበግበው ክፍያው የቆመ ቀን የሚሆነው ነው። ላይትሩም ክላሲክ ገንዘቡ ሲቋረጥ ፎቶህን ያሳይሃል፣ ኤክስፖርትም ያደርግልሃል፤ ዴቨሎፕ የሚባለው፣ ዋናው ሥራ የሚሠራበት ክፍል ግን ይቆለፋል። ወደ ሌላ ሶፍትዌር ልሂድ ብትል ደግሞ ለፎቶው የሰጠኸው ኮከብና የጻፍክለት ቁልፍ ቃል አብሮህ ይሄዳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ያስተካከልከው ብርሃንና ቀለም ግን አይከተልህም። የዓመታት ሠርግ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ከጥቂት ዓመት በኋላ «የሠርጋችንን አልበም እንደገና አትምልን» ብለው የሚደውሉ ጥንዶች አሉ። ለእነሱ ስትል ትከፍላለህ። ስለዚህ የምንከፍለው ለነገው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ትናንት ሠርተን ላስረከብነውም ነው።

አዲስ አበባ ፒያሳ የነበሩትን ፎቶ ቤቶች ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይል ይሆን? የቦያጂያን ቤተሰብ ከምኒልክ ዘመን አንስቶ እስከ ኃይለ ሥላሴ ድረስ ለቤተ መንግሥት ፎቶ ሲያነሳ፣ የማጉያ ማሽኑ አንዴ ከተገዛ የባለቤቱ ነበር። ኔጌቲቭ ላይ በእርሳስ ጫፍ ፊት የሚያስተካክለው ባለሙያ እርሳሱን የተከራየበት ዘመን አልነበረም። ፊልሙና ወረቀቱ ውድ ነበር፤ እሱ እውነት ነው። መሣሪያውን ግን ማንም መጥቶ ከእጁ አይቆልፍበትም ነበር።

መውጫውም እንደ መግቢያው ቀላል አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት በፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ አቅራቢነት በሰኔ 2024 አዶቤን ፍርድ ቤት ያቆመው በዚሁ ነገር ነው። ደንበኛው «በወር የሚከፈል» ሲባል በየወሩ መውጣት የሚችል ይመስለዋል፤ ውሉ ግን የዓመት ነው፤ በመሀል ላቁም ሲል ከቀሪው ክፍያ ግማሹን ቅጣት ይጠየቃል፣ ይህም በግልጽ አልተነገረውም የሚል ክስ ነው። ሌሎቹም ከዚህ የተሻሉ አይደሉም። እኔ ራሴ ሰባት ቀን በነጻ ሞክር ያለኝን አንድ ኩባንያ ለመተው ስፈልግ፣ «ሰርዝ» የሚለው ቃል የተደበቀው ከገጹ ግርጌ፣ በግራጫ መደብ ላይ በግራጫ ፊደል ነበር። እሱን ስነካ ቅናሽ፣ ቅናሹን እንቢ ስል መጠይቅ፣ መጠይቁን ስጨርስ «እርግጠኛ ነህ?»። ለካርድ ቁጥሬ ግን አንዲት ሳጥን ነበር የጠየቁኝ።

ስዊድን ነን፣ ሕግ አለን የሚል ይኖራል። አለ። በርቀት ለተገዛ ነገር የ14 ቀን ሐሳብን የመቀየር መብት አለን፤ እዚህ ኦንገርሬት ይሉታል። ዲጂታል ነገር ሲሆን ግን ከመክፈልህ በፊት «አሁኑኑ ይጀመርልኝ፣ መብቴ እንደሚቀርም ተረድቻለሁ» የምትል ትንሽ ሳጥን ትመጣለች። እሷን ነክተህ ካወረድከው መብቱ አበቃ። እሷን ካልነካህ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ማውረጃው አይከፈትም። በዶላር የተለጠፈው ዋጋም መክፈያው ላይ ስትደርስ 25 በመቶ ሞምስ (የተጨማሪ እሴት ታክስ) ይታከልበታል። ለሞምስ የተመዘገበ ድርጅት ያለው ሰው ሞምሱን መልሶ ያገኛል፤ ትርፍ ጊዜውን ለፎቶ የሰጠው ግን ሙሉውን ይሸከማል።

በእነዚህ ሶፍትዌሮች ላይ የሚጨመሩት ፕለጊኖች ደግሞ የባሱ ናቸው። ኒክ ኮሌክሽን የሚባለውን የማያውቅ የለም፤ ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚያምርበት ሲልቨር ኤፌክስ ያለበት ነው። አንድ ጊዜ ጥቅሉ 500 ዶላር ገደማ ነበር። ጉግል ሠሪውን ኩባንያ በ2012 ገዛና ዋጋውን 149 አደረገ። በ2016 ጭራሽ በነጻ ለቀቀው። ደስ አለን፣ አሠራራችንን በእሱ ላይ ገነባን። ከዓመት ብዙም ሳያልፍ በ2017 ጉግል ከእንግዲህ አላድሰውም አለ። ዲኤክስኦ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ገዛውና በ2018 እንደገና ዋጋ ተለጠፈበት። ራሳቸውን የቻሉት ፕሮግራሞችም አልቀሩም፤ አፕል አፐርቸርን የተወው በ2014፣ ጉግል ፒካሳን የዘጋው በ2016 ነው። በጨለማ ፎቶ ላይ የሚወጣውን ነጠብጣብ (ኖይዝ) የሚያጠፋው ቶፓዝ «አንዴ ግዛ፣ ያንተ ነው» ሲል ኖሮ በ2025 እሱም ወደ ኪራይ ዞረ። ከአንዱ ሸሽተህ ወደ ሌላው ስትገባ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ይህ ሁሉ ተከፍሎበት ደግሞ የኛን ፎቶ የሚያውቅ ሶፍትዌር የለም። የቡና ሥነ ሥርዓት ያነሳ ሰው ይመስክር። እጣኑ ተጨሶ፣ ጢሱ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ተጠቅልሎ ሲወጣ፣ ከጀርባው የእናትየው ነጭ ነጠላ ሲታይ ያንን ነው ያነሳነው። አውቶማቲኩ ማስተካከያ ጢሱን ጭጋግ ነው ብሎ ያጠፋዋል። ጀበናውና ረከቦቱ ጥርት ብለው ይቀራሉ፤ እጣኑ የለም። ኖይዝ ማጥፊያውም እንዲሁ ነው። የቀሚሱን ጥበብ ጠጋ ብለህ መቶ በመቶ አጉልተህ እየው። ሸማኔው ክር በክር የጣለው መስቀልና ድሪ ቀልጦ የታተመ ላስቲክ ይመስላል። እናትየው አልበሙን ስታገላብጥ መጀመሪያ የምታየው ያንን ነው፤ «ልጄ፣ ይሄ የኔ ቀሚስ ነው እንዴ?» ትላለች። ልክ ናት።

መልካችንማ ተወው። ከሚሸጡት ፕሪሴቶች፣ ማለትም አስቀድሞ ከተዘጋጁት ማስተካከያዎች፣ ብዙዎቹ ከነጭ ቆዳ ተነስተው የተሠሩ ናቸው። ጠይሟን ሙሽራ ብርቱካን ያደርጓታል፤ ጠቆር ያለውን ሚዜ አመድ ያለብሱታል። ጥፋቱ ዛሬ አልተጀመረም። ኮዳክ ለፎቶ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም መለኪያ ካርድ ለብዙ ዓመታት አንዲት ነጭ ሴት ብቻ ነበረችበት። ፊልሙ ቢቀርም ልማዱ ቀጥሏል፤ አሁን ደግሞ «የቆዳ ማሳመሪያ» ተብሎ ተጨማሪ ይከፈልበታል። እኛ የሚያስፈልገን ጥቁር ፊትና ነጭ ነጠላ ባንድ ፍሬም ሲገቡ ነጠላው ሳይቃጠል ፊቱ የሚታይበት ነገር ነው። እሱን የሚሠራው አሁንም የሰው ዓይንና እጅ ነው። የአልበም ማዘጋጃዎቹም በተራቸው ፊደላችንን አያውቁትም፤ የሙሽሮቹን ስም በአማርኛ ስትጽፍ በስሙ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ይወጣሉ፤ ከዚያ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ፍለጋ ትገባለህ።

እዚህ አገር ኖይዝ ማጥፊያውን መተው አይቻልም፤ ያ ነው ችግሩ። በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2፡30 አልፎ ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ገናንም ጥምቀትንም የምናነሳው በጧፍና በደብዛዛ አምፖል ነው። የካሜራውን የብርሃን ስሜት (አይኤስኦ) 6400 ሳያደርሱ ካህናቱ አይታዩም። አዲሶቹ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ማጥፊያዎች ለዚህ በእውነት ይረዳሉ፤ አልክድም። ግን ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ይፈልጋሉ። በአሮጌ ላፕቶፕ አንዲት ፎቶ ደቂቃዎች ትፈጃለች፤ የአንድ ሌሊት ማኅሌት ብዙ መቶ ፎቶ ነው። ርካሽ ያሉት ሶፍትዌር አዲስ ኮምፒውተር አስገዝቶ ያርፋል። አዲስ ካሜራ የገዛም ሰው አሮጌው ሶፍትዌሩ የካሜራውን ሮው ፋይል አላውቅም ይለዋል። አሮጌው እንዲያነበው አድርጎ ፋይሉን የሚቀይር፣ አዶቤ በነጻ የሚሰጠው ዲኤንጂ መቀየሪያ መኖሩን ብዙ ሰው ሳያውቅ ለዚህ ሲል ብቻ አዲስ እትም ይገዛል።

የአዲስ አበባው እሮሮ ከኛ ይከፋል። የዘመድ ልጅ ይደውላል፤ «ጋሼ፣ እንዳትቆጣኝ እንጂ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው። ካርዴ ውጭ አገር አይከፍልም፣ ላይትሩሙን አንተ ክፈልልኝና ብሩን ለእማዬ ልስጣት?» ምን ትለዋለህ? ብር በሐምሌ 2024 ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ መቶውን አልፏል። ያ 19.99 ዶላር በወር ከሁለት ሺህ ብር በላይ ነው። ልጁ በክራክ፣ ቁልፉ ተሰብሮ በተለቀቀ ቅጂ፣ ቢሠራ ማን ይፈርድበታል? እኔ አልፈርድበትም። ግን ክራኩ አብሮ ምን እንደሚያስገባ ማንም አያውቅም፤ የሰው ሠርግ ያለበት ሃርድ ዲስክ በቫይረስ ሲጠፋ የሚያለቅሰው እሱ ነው። እኛ ደግሞ ያለነው ያልተከፈለበት ሶፍትዌርና ፊልም የሚወርድበት ፓይሬት ቤይ በተወለደበት አገር ነው፤ የስቶክሆልም ፍርድ ቤት በ2009 ሰዎቹን በአንድ ዓመት እስራትና በ30 ሚሊዮን ክሮና ካሳ የፈረደባቸው እዚሁ ነው። ደረሰኝ እየሰጠ፣ ግብር እየከፈለ የሚሠራ ሰው በክራክ አይጫወትም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ብዙ ከተሟገትን በኋላ እኔ የደረስኩበትን ልናገር። መጀመሪያ ካሜራህ ይዞት የመጣውን ሞክር፤ የኒኮን ኤንኤክስ ስቱዲዮም የካነን ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናልም ነጻ ናቸው፣ የገዛ ካሜራቸውን ቀለም ከማንም በላይ ያውቃሉ። ለዋናው ሥራ ነጻው ዳርክቴብል አለ። ከ2009 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ፣ ባለቤት ሆኖ የሚሸጠው ወይም የሚዘጋው ኩባንያ የሌለው ነው። ለመልመድ ያስቸግራል፤ ሞጁሉ ብዙ ነው፣ የመጀመሪያው ሰሞን ያስመርራል። ግን ኖይዙን በየካሜራው መለኪያ ስለሚያጠፋ ጥበቡን እንደዚያ አያቀልጠውም፤ ያለ ውድ ግራፊክስ ካርድም ይሠራል። በፎቶሾፕ ቦታ የሚያገለግለው ነጻው ጊምፕ በ2025 ሦስተኛ እትሙን አውጥቷል፤ ጂሚክ የተባለው የማጣሪያ ፕለጊኑም ነጻ ነው። የእንግሊዙ የፎቶ ማስተካከያ አፊኒቲ አንዴ ተከፍሎ የሚያዝ ነበር፤ ካንቫ የተባለው ኩባንያ በ2024 ገዛውና በጥቅምት 2025 በነጻ ለቀቀው። ተጠቀሙበት። ሥራችሁን ሁሉ ግን በእሱ ላይ አትጣሉ፤ የኒክን ነገር አይተናል። ያስተካከላችሁትንም ከሮው ፋይሉ ሌላ በቲፍ ወይም በትልቅ ጄፔግ አውጥታችሁ ለብቻው አስቀምጡ። የትኛውም ኩባንያ ቢዘጋ እሱ ይከፈታል።

ደንበኞቻችንንም አንድ ነገር ልለምን። «ፎቶ ማንሳት ምን አለው፣ ቁልፍ መጫን አይደል እንዴ» አትበሉን። ስትከፍሉን ከገንዘቡ ውስጥ የኪራዩ፣ የኮምፒውተሩና የሌሊቱ ዋጋ አለበት። «ትንሽ ቀላ አድርገኝ» የምትሉም እባካችሁ ተዉት። መልካችሁ እንዳለ ያምራል፤ እሱን እንዳለ ለማውጣት ነው ያን ሁሉ የምንደክመው።

የሙያ ጓደኞቼን የምለምነው ደግሞ ይሄ ነው። ዳርክቴብል የሚችል ሰው በመካከላችን አለ፤ ጊምፕ የሚችልም አለ። የሚያውቀውን በአማርኛ ያስተምር። ለጠይም ፊት፣ ለነጭ ነጠላ፣ ለጧፍ ብርሃን የሠራችሁትን ፕሪሴት አዲስ አበባ ላሉት ልጆችም በነጻ ላኩላቸው። እንዲህ ያለ ፕሪሴት ለሽያጭ አያወጡልንም፤ የሚኖረን እኛ ከሠራነው ብቻ ነው።