ቦርሳችን መሃሉ ባዶ ነው

ሰፊውን ገዝተናል። ረጅሙንም ገዝተናል። 16-35 አለን፣ 70-200 አለን፤ የቀረን መሃለኛው ሌንስ ነው። ዘንድሮ እንገዛለን አልን፣ አልገዛንም። የጥር ሰርግ ሳይጀምር እንገዛለን አልን፣ ጥርም አለፈ። ከፋሲካ በኋላ አልን፣ ዳግም ትንሣኤም ሄደ። ከ35 እስከ 70 ሚሊ ሜትር ያለችው ክፍተት ወረቀት ላይ ስትጻፍ ኢምንት ናት። ሥራ ላይ ግን ሰው የሚመራረቀው፣ የሚላቀሰው፣ የሚጎራረሰው እዚያችው ክፍተት ውስጥ ነው።

«ታዲያ ለምን ከመሃሉ አልጀመራችሁም?» ይሉናል። ጀምረን ነበር። የመጀመሪያ ካሜራችንን ስንገዛ 18-55 አብሮ መጣልን። መሃሉ ተይዟል ብለን ገንዘባችንን በሰፊውና በረጅሙ ላይ አዋልን። ከዚያ ወደ ፉል ፍሬም ስንሻገር ያ ሌንስ አብሮን አልተሻገረም፤ ለትንሹ ሰንሰር የተሠራ ነውና ከአሮጌው ቦዲ ጋር ተሸጠ። ያን ቀን የተከፈተው ክፍተት እስከ ዛሬ አልተደፈነም።

ባለፈው ጥር የሆነውን ልንገራችሁ። የተክሊል ሥነ ሥርዓት ነው፣ ገና ጎህ አልቀደደም። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለው ብርሃን ጧፍና ጥቂት አምፖል፣ ከዚያ ላይ የዕጣኑ ጢስ። ቁም የተባልሁበት ቦታ አንድ ነው፤ ወደፊት መቅረብ አይፈቀድም፣ ወደኋላ ማፈግፈግም አይቻልም፣ ጀርባዬ ምሰሶ ነው። 70-200 አስሬያለሁ። በ70 ሳየው የሙሽራው ፊት ገብቷል፣ የሙሽሪት ግማሽ ተቆርጧል፣ የካህኑ እጅ ጭራሽ የለም። ሌንስ ልቀይር ጎንበስ አልሁ። የኋላ ክዳኑን በጥርሴ ነክሼ፣ አንዱን እያወለቅሁ ሌላውን እያስገባሁ ሳለሁ እልልታው ቀለጠ። ቀና ስል አክሊሉ ተደፍቷል። አክሊል ደግሞ ለፎቶ አንሺ ተብሎ ሁለተኛ አይደፋም። ለሙሽሮቹ የሰጠኋቸው ፎቶ ከተደፋ በኋላ ያለው ነው። እነሱ ምንም አላሉኝም፤ እኔ ግን አልበሙን ባየሁ ቁጥር የምትጎድለዋን ገጽ አያታለሁ።

ሰፊውን አስረን ብንቆምስ? እሱም የራሱ ጣጣ አለው። የቤተ ዘመዱ ፎቶ ላይ፣ በ16 ሚሊ ሜትር፣ ዳር የቆመ ሰው ሁሉ ይለጠጣል። መሃል ያሉት ሙሽሮች አምረው ይወጣሉ፤ ዳር ያለችው አክስት ክንዷ ይወፍራል፣ ጉንጯ ወደ ጎን ይሳባል። ፎቶው ሲደርሳት ትደውላለች። «ልጄ፣ እኔ እንደዚህ ነኝ እንዴ?» ምን ይባላል? የሌንሱ ጠባይ ነው ብሎ ማስረዳት ለእሷ መልስ አይሆንም። ሁለት ቦዲ አንግቱ የሚሉንም አሉ። ሁለተኛ ቦዲ መግዣው ከተገኘማ መሃለኛው ሌንስ ይገዛ ነበር።

እሺ፣ ገንዘቡ ተገኘ እንበል። አሁን ደግሞ ምርጫው ይመጣል፣ ምርጫው ደግሞ ሰውን ያደርቃል።

አንዱ ባልደረባ 24-70 ኤፍ 2.8 ይላል። ሌላው 24-105 ኤፍ 4 ይላል። ሁለቱም በእርግጠኝነት ይናገራሉ፣ ሁለቱም የራሳቸውን ሌንስ ነው የሚያወድሱት። ልዩነቱ ሲብራራ ቀላል ይመስላል፤ ኤፍ 2.8 ከኤፍ 4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። በዚያኛው አይኤስኦ 3200 የሚበቃህ ቦታ በዚህኛው 6400 ትላለህ። ለ24-105 ጥብቅና የሚቆመው ሰው «ማረጋጊያ አለው እኮ» ይልሃል። አለው። ማረጋጊያው የኛ እጅ መንቀጥቀጥ ፎቶው ላይ እንዳይታይ ይረዳል፤ እስክስታ የሚወርድን ትከሻ ግን አያቆምም። ሽማግሌ ተቀምጦ ሲመርቅ ለማንሳት ኤፍ 4 ከነማረጋጊያው ይበቃል። ማታ አዳራሽ ውስጥ መብራቱ ሐምራዊ ሆኖ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አይበቃም። የኛ ሥራ ሁለቱም በአንድ ቀን የሚሆኑበት ነው፣ የሚያንገበግበንም ይኸው ነው።

ይህን ስንጨርስ የ24 እና የ28 ክርክር ይነሳል። ታምሮን እ.ኤ.አ. በ2018 ለሶኒ 28-75 ኤፍ 2.8 ሲያወጣ ክብደቱ 550 ግራም፣ አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 799 ዶላር ነበር። ለኛ ዓይነቱ ሰው ከሰማይ የወረደ ነገር ነበር። «አራት ሚሊ ሜትር ምን ታመጣለች?» ይሉናል። ታመጣለች። 24 ሚሊ ሜትር 84 ዲግሪ ያያል፣ 28 ደግሞ 75። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ሽምግልና የቀረጸ ሰው ይህን ቁጥር በጀርባው ያውቀዋል። ግድግዳው ጀርባችንን ነክቶታል፣ ከዚያ ወዲያ መሸሻ የለም። በ28 ሲታይ ሶፋው ላይ ካሉት ሰዎች አንድ ሰው ይቀራል። የሚቀረውም ዳር ያለው ነው። ዳር ላይ የምትቀመጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ እናት ናት፤ ተነሥታ እንግዳ ለማስተናገድ እንዲመቻት ከበሩ በኩል ትሆናለች። ልጇ በሚጠየቅበት ቀን እናት ከፎቶ የምትቀርበት ሌንስ ርካሽ ነው አልልም።

ክብደቱም አለ። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ባለማረጋጊያ 24-70 ብቻውን 1,070 ግራም ነው። ከአንድ ኪሎ ስኳር ይበልጣል። እሱን አንገት ላይ አንጠልጥሎ ከሙሽሪት ቤት ወደ ሙሽራው ቤት፣ ከዚያ ወደ መናፈሻ፣ ከዚያ ወደ አዳራሽ፣ በማግስቱ ደግሞ መልስ። ሶኒ ሁለተኛውን ጂ ማስተር 24-70 እ.ኤ.አ. በ2022 ሲያወጣ ከ886 ግራም ወደ 695 አውርዶታል፤ የወረደው ግን ግራሙ ነው፣ ዋጋው ከነማዕረጉ እላይ ነው።

የፊልተሩን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ያሉን ሌንሶች አፋቸው 77 ሚሊ ሜትር ነበር፣ ፊልተሮቻችንንም በዚያው ልክ ገዝተናል። የካኖን አሮጌው 24-70 77 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሁለተኛው 82 ሆነ። የኒኮንም አሮጌው 77፣ ባለማረጋጊያው 82። አንድ ሌንስ ለመግዛት ፊልተሩንም እንደ አዲስ መግዛት ነው።

ከሁሉ የሚያስጨንቀው የማውንቱ ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን ዛሬም በካኖን 5ዲ ማርክ 3 እንሠራለን። ካሜራው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ቢሆንም ይሠራል፣ እንጀራችን ነው። ማውንቱ ኢኤፍ ነው፣ ከ1987 ጀምሮ ያለው። ካኖን ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ አርኤፍ ዞሯል። ዛሬ ኢኤፍ ብንገዛ ነገ በአዳፕተር አዲሱ ቦዲ ላይ ይገባል፤ ዛሬ አርኤፍ ብንገዛ ያለን ቦዲ ላይ አይገባም። ስለዚህ የሚያዋጣን አሮጌው ነው። አሮጌውን ስንገዛ ደግሞ «ጊዜው ያለፈበትን ትገዛለህ?» የሚል አማካሪ አይጠፋም። አዲሱን ልግዛ ስትለው «ምን ላይ ልታስረው?» ይልሃል። ያው ሰውዬ ነው።

ዋጋውን እያወቅነው እናንሳው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ሲግማ እ.ኤ.አ. በ2019 ለመስታወት አልባ ካሜራዎች ያወጣውን 24-70 ኤፍ 2.8 እንውሰድ፤ ሲወጣ አሜሪካ የተሸጠበት ዋጋ 1,099 ዶላር ነበር። በድሮው ስሌት ወደ 63 ሺህ ብር ይመጣ ነበር፣ በዚያን ጊዜው አዲስ ስሌት 110 ሺህን ተሻገረ። ቀረጡም፣ ማስመጫውም፣ የነጋዴው ትርፍም ገና አልተጨመረም። የሰርግ ፓኬጃችን ዋጋ ዶላሩን ተከትሎ እጥፍ አልሆነም። ቀብድ የተቀበልንባቸው ሰርጎችማ በድሮው ዋጋ ተነስተው አለቁ።

ስለዚህ ሻንጣ እንለምናለን። ዱባይ ያለች የአክስት ልጅ፣ ዋሽንግተን ያለ የድሮ የክፍል ጓደኛ፣ ለእረፍት የሚመጣ ጎረቤት። ሌንሱ ቦታ እንዳይዝ ከሳጥኑ ወጥቶ በካልሲ ተጠቅልሎ ይመጣል። የፊት መከለያው «ፕላስቲክ ናት» ተብላ እዚያው ትቀራለች። የዋስትና ወረቀቱ ከሳጥኑ ጋር ተጥሏል። አንድ ባልደረባችን ለሶኒ የሚሆን ሲግማ አስልኮ ኤል ማውንት መጣለት። ያመጣችለት ልጅ ምን ታድርግ? ዓይነቱ ያው፣ 24-70ው ያው፣ ሻጩም «ይኸው ነው» ብሏታል። የመመለሻው ቀን እዚያ አገር ሳለ አልፏል። ሌንሱ ዛሬም ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለ፣ የሚያስረው ካሜራ የለውም።

ያ ሁሉ ይቅርብን ብለን ያገለገለ ፍለጋ እንወጣለን። «ወንድሜ፣ ኒት ነው፣ አዲስ በለው» ይላል ሻጩ። ሁሉም ኒት ነው። የስልካችንን መብራት በኋላው በኩል አብርተን በፊቱ ስናይ ዳሩ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋች ነጭ ነገር አለች። ክረምቱን ሙሉ ዝግ ቦርሳ ውስጥ ከርሟል ማለት ነው፤ ፈንገስ ነው። ብናሳየው «አቧራ ነው፣ ይጠረጋል» ይላል። ውስጥ ያለ ነገር በጨርቅ አይጠረግም። ዙሙን ስናዞር የሚያንቋርር አለ፣ ወደ ታች ሲይዙት በራሱ ክብደት የሚንሸራተት አለ፣ ቀለበቱ ላይ ያለው ጎማ ተነስቶ በማጣበቂያ የተለጠፈ አለ። «ካሜራዬ ላይ ልሰረውና አንድ ሁለት ፎቶ ላንሳ» ስንል ፊቱ ይለወጣል። «ካልገዛህ አትነካካው።» ሳንሞክረው እንዴት እንገዛዋለን?

የሚገርመው፣ ይህን ሁሉ ሰው ስናማክር «የምታነሳው ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀን የለም። አንዱ ስለ ጥራቱ ያወራል፣ አንዱ ስለ ስሙ። በመጨረሻ እኔ ወደ ራሴ ፋይል ዞርሁ። ካሜራው እያንዳንዱ ፎቶ በስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሳ ይመዘግባል። ያለፈውን ዓመት ሰርጎች ከፍቼ አንድ በአንድ አየሁ። ፎቶዎቹ ሁለት ቦታ ላይ ተከማችተዋል፤ 35 ላይ እና 70 ላይ። ሰፊው እስከ ጫፉ ተጎትቶ 35 ላይ ቆሟል፣ ረጅሙ ወደ ኋላ ተመልሶ 70 ላይ ቆሟል። በግራና በቀኝ ተገፍተው ክፍተቱ አፍ ላይ ደርሰዋል። ለካ ዓመቱን ሙሉ የሌለኝን ሌንስ ስፈልገው ኖሬያለሁ።

እንግዲህ የኔ ፍርድ ይህ ነው። ማታ አዳራሽና ጨለማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምትሠሩ 24-70 ኤፍ 2.8 ግዙ፤ ያገለገለ ይሁን፣ አሮጌው ይሁን፣ መስታወቱ ንጹሕ ይሁን እንጂ። ቀን ቀን፣ ደጅ የምትሠሩ ለ24-105 አትሳቀቁ። ጠባብ ቤት የሚበዛባችሁ ከ28 የሚጀምረውን እለፉት።

ለእናንተ ለሻጮች ደግሞ አንድ ልመና አለን። ብዙ አይደለም። ለዓመት ያጠራቀምነውን ብር ይዘን ስንመጣ ሌንሱን ገና ስንነካው አትቆጡን። ካሜራችን ላይ አስረን፣ በር ላይ ወጥተን፣ በ24 እና በ70 አሥር ፎቶ እናንሳበት። አሥር ደቂቃ ስጡን፤ ደህና ከሆነ እንገዛዋለን።