ወደ ካሜራ የማያይ ሰው ስንት ያወጣል? ከኩርሙክ ፎቶ ቤት የተነሣ ንጽጽራዊ ጥናት

ፎቶግራፍ ማለት ሰው ታጥቦ፣ ተቀባብቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ካሜራው የሚያይበት ምስል ነው። ይህ ትርጓሜ ከአሶሳ እስከ ኩርሙክ ባለው መንገድ ላይ ያለ ክርክር ተቀባይነት አለው። በአንጻሩ በቦሌ፣ በለንደንና በኒው ዮርክ ጋለሪዎች የሚሸጠው ፎቶግራፍ ሰውየው ወደ ሌላ የሚያይበት፣ ጀርባውን የሰጠበት ወይም ጭራሹን የሌለበት ነው። ቀጥ ብሎ የቆመው ሰው ምስል ከአንድ ምሳ ዋጋ እምብዛም አይዘልም፤ የሌለው ሰው ምስል ግን በሚሊዮን ይጠራል። ይህ ጥናት የልዩነቱን መንስኤ ይመረምራል። (የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በራሳችን አቆጣጠር የተጻፈ ጥናት ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ይመስላልና።)

የጥናቱ ቦታ ኩርሙክ ነው። ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አሶሳ፣ ከአሶሳም ወደ ሰሜን ምዕራብ ተዘልቆ የሱዳን ድንበር ላይ ይገኛል፤ ከድንበሩ ማዶ ደግሞ በዚያው ስም የሚጠራ የሱዳን ኩርሙክ አለ። ቦታው የተመረጠው በሳይንሳዊ ምክንያት ነው፤ ጋለሪ የለበትም። ስለዚህ የነዋሪው ጣዕም በወይን ግብዣና በእንግሊዝኛ መግለጫ አልተበከለም። አካባቢው በሙቀት፣ በወርቅና በማንጎ ይታወቃል፤ ሦስቱም ከዚህ በታች በማስረጃነት ይቀርባሉ።

በመጀመሪያ ስለ ፎቶ ቤቱ። አንዱን ያየ ሁሉንም አይቷል፤ አሶሳ ያለውም ባምባሲ ያለውም ያው ነው። መስታወት አለ፤ ከመስታወቱ አጠገብ ከደንበኛ ጋር አብሮ እንዳይሄድ በሲባጎ የታሰረ ማበጠሪያ አለ። ክራቫቱ አንዴ ታስሮ ያደረ ስለሆነ እንደ ገመድ በራስ ላይ ይጠለቃል። ኮቱ አንድ ነው፤ ለወፍራሙም ለቀጭኑም ያገለግላል። ለቀጭኑ ከኋላው ተሰብስቦ በልብስ መቆንጠጫ ይያዛል፤ ካሜራው የሚያየው ከፊት ብቻ ነውና ጀርባው ላይ አራት መቆንጠጫ የተተከለበት ሰው ከፊቱ ሲታይ የቢሮ ኃላፊ ይመስላል። ከዚያ መመሪያው ይከተላል፦ «ሼህ፣ አገጭዎን ትንሽ ዝቅ… አይ፣ በዛ… ትከሻዎን ቀጥ… እዚህ እጄን ይዩ፤ አሁን አይተንፍሱ።» ሼሁ አይተነፍሱም። በዚያች ቅጽበት የተያዘው ክብር የልጅ ልጅ ሳሎን ድረስ ይደርሳል።

የሥራው ዋና መሣሪያ ግን ከጀርባ ያለው ነው። ድሮ ሸራ ላይ የተሣለ ፏፏቴ ነበር። ፎቶሾፕ ከመጣ ወዲህ ምርጫው ሰፍቷል፦ የዱባይ ሕንፃ፣ ካዕባ፣ የአውሮፕላን መሰላል፣ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ በቅርቡም ውሃ በላዩ የሚወርድበት የሕዳሴ ግድብ። ግድቡ ያለበት ጉባ በዚያው ክልል ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ ጉባ ሄዶ ግድቡ ፊት ከመቆም ፎቶ ቤት ገብቶ መቆም የቀለለበት ምክንያት ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው። ደንበኛው ላቡን በመሐረብ ይጠርግና በረዶው ላይ ይቆማል። የበረደው አይመስልም፤ ማንም ግን ይህን አንሥቶ አያውቅም።

ከተማ ቀመሱ አንባቢ እዚህ ላይ «ፎቶ ቤቱ ይዋሻል፣ ጋለሪው ግን እውነቱን ያሳያል» ይል ይሆናል። መላምቱ ተፈትኖ ወድቋል። ጀርመናዊው አንድሪያስ ጉርስኪ በ1999 «ራይን 2» የተባለውን ፎቶግራፍ ሠራ። ወርዱ ወደ ሦስት ሜትር ተኩል ነው። በላዩ ላይ አረንጓዴ ሣር፣ ግራጫ ወንዝ፣ እንደገና አረንጓዴ ሣር፣ ከዚያ ግራጫ ሰማይ አለ፤ አበቃ። ሌላ ነገር የጠፋው ስላልነበረ አይደለም። ከወንዙ ማዶ ሕንፃ ነበር፤ ውሻቸውን ይዘው የሚንሸራሸሩ ሰዎችም ነበሩ። ጉርስኪ በኮምፒዩተር አጠፋቸው። በኅዳር 2011 በኒው ዮርክ የክሪስቲ ጨረታ 4.3 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፤ እስከዚያን ቀን በጨረታ ከተሸጡት ፎቶግራፎች ሁሉ ውዱ ሆነ። እንግዲህ የእኛው ፎቶ አንሺ ደንበኛውን ዱባይ ያስገባል፣ የጀርመኑ ደግሞ ሰዎቹን ከራይን ዳር ያስወጣል። ሙያው አንድ ነው፤ ኤዲት ይባላል። በማስገባትና በማስወጣት መካከል ያለው ልዩነት 4.3 ሚሊዮን ዶላር ሲቀነስ የአንድ ጉርድ ፎቶ ዋጋ ነው።

ይህን ግኝት ለአንድ ወርቅ ነጋዴ አቀረብኩለት። ዶላሩ አልገባውም፤ ዕቃ በግራም ካልተነገረው አይመዝንም። በጨረታው ወቅት በነበረው የዓለም ገበያ የወርቅ ዋጋ ስናሰላው ከ70 ኪሎ ወርቅ በላይ ሆነ። ነጋዴው ሚዛኑን አየ፤ ቀኑን ሙሉ አሸዋ በገበቴ ሲያጥቡ ውለው በላስቲክ የተቋጠረች ብናኝ ይዘው የሚጠብቁትን ሴቶች አየ፤ ስልኬ ላይ ያለውን ራይንንም አየ።

«ወንዙ ወርቅ አለው?»

«ፎቶው ላይ አይታይም።»

«ታዲያ ሰዎቹን ለምን አስነሡአቸው?»

መልስ የሚሰጥ ጽሑፍ አላገኘሁም።

ማስወጣት የጀርመን ብቻ አይደለም። ፎቶ አንሺው ግርማ በርታ «ተንቀሳቃሽ ጥላዎች» በሚል በሚታወቀው ሥራው የአዲስ አበባን የመንገድ ሰው፣ ሊስትሮውን፣ ተሸካሚውን፣ ነጠላ የለበሰችውን እናት፣ በአይፎን ያነሣና ከነጥላው ቆርጦ ያወጣዋል። ከዚያ ጭር ባለ አንድ ወጥ ቀለም ላይ፣ ቀይ ላይ ወይም ቢጫ ላይ፣ ያስቀምጠዋል። በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራም ሽልማት ካገኙት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ ሥራውንም በዚያው ዓመት ቦሌ የተከፈተው አዲስ ፋይን አርት ጋለሪ አሳይቶለታል። ሥራው ያምራል፤ ይህን ስል ቀልድ የለበትም። ሆኖም ሰውን ከአካባቢው ቆርጦ ባለ አንድ ቀለም መደብ ላይ ማስቀመጥ በኩርሙክ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ ጥበብ ነው፤ ለመታወቂያ ይፈለጋል።

የፎቶ አርቲስቷ የአይዳ ሙሉነህ ጉዳይ ጠለቅ ያለ ነው። በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው፣ በ2018 ሥራዋ በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የተሰቀለላት እሷ ናት። የንጹሕ ውሃ በጎ አድራጎት ድርጅቱ ዎተርኤይድ ባሠራት «የውሃ ሕይወት» በተሰኘው ሥራ ፊታቸውን በቀለም የተቀቡ፣ ደማቅ ቀሚስ የለበሱ ሴቶችን ዳሎል ወስዳ ጨው ሜዳ ላይ አቆመቻቸው፤ ነገሩ ውሃ ለመቅዳት ሩቅ ስለሚሄዱ ሴቶች ነው። ሥዕሎቹ በ2019 ለንደን ሶመርሴት ሀውስ ታይተዋል። እነዚህኑ ለአንዲት ቡና አፍይ አሳየኋት። ከጎኗ ቢጫ ጄሪካን ነበር፤ ንጋት ላይ ራሷ ቀድታ ያመጣችው። ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አየችና «ልጅቱ ውሃ ልትቀዳ ጨው ላይ ምን አወጣት?» አለች። ቀጥላም «ፊቷን ምን ነካት?» ስትል ጠየቀች። ቀለም ነው ስላት ዝም አለች። ኋላ ግን «ቀሚሱ ደስ ይላል፤ የት ይሸጣል?» አለች። ከተጠያቂዎቼ ሁሉ አንድ ነገር ከጋለሪ ሥዕል ውስጥ ለመግዛት የፈለገች እሷ ብቻ ነበረች።

ፊት መቀባትን በተመለከተ ፎቶ ቤቱ ንጹሕ አይደለም። የደንበኛውን ፊት ሳያስፈቅድ በኮምፒዩተር ያነጣዋል፤ የሠርግ ፎቶ ከሆነ ሙሽራይቱን እናቷ በሁለተኛው እይታ ነው የምታውቃት። አርቲስቷ ቀለሙን በግልጽ፣ በብሩሽ፣ አስፈቅዳ ትቀባለች። የኩርሙክ ሰው የመጀመሪያውን «ጥራት» ይለዋል፣ ሁለተኛውን ደግሞ «ምን ነካት» ይላል።

ወደ ምስጥ እንሻገር። ለፎቶ ቤት ጥሩ ገቢ ከሚያስገኙት ሥራዎች አንዱ የድሮ ፎቶ ማደስ ነው። ምስጥ ግማሽ ፊቱን የበላው፣ ክረምት ያወየበው የአያት ፎቶ ይመጣል፤ ፎቶ አንሺው የጎደለውን ዓይን ካለው ዓይን ገልብጦ ይተካል፣ ሳይከፈልበትም ኮት ያለብሳል። ሚካኤል ፀጋዬ የሄደው በተቃራኒው ነው። ሥዕል ተምሮ በ2002 ከተመረቀ በኋላ የዘይት ቀለም ለጤናው አልስማማ ብሎት ወደ ፎቶግራፍ የዞረ ሰው ነው። በመቃብር ሐውልቶች ላይ ያሉትን፣ ፀሐይና ዝናብ የላጣቸውንና የሰነጠቃቸውን የሟቾች ፎቶዎች መልሶ አነሣቸው። ለአንዱ ጠላት የሆነው ዝናብ ለሌላው ሳይፈርም አብሮ የሠራ አርቲስት ነው። ያንን ሥራ ለኩርሙኩ ፎቶ አንሺዬ ሳሳየው አንድ በአንድ እያየ የሚታደስበትን ዋጋ ነገረኝ። ብዛት ስላለው ቅናሽ አደርጋለሁ ብሏል።

ድንቹን መዝለል አይቻልም። አየርላንዳዊው ኬቪን አቦሽ በ2010 አንድ ድንች ጥቁር መደብ ላይ አስቀምጦ አነሣ፤ ምስሉ በ1 ሚሊዮን ዩሮ መሸጡ በ2016 ተዘገበ። ድንቹ የቆመው ልክ እንደ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ፊት ለፊት፣ ሳይተነፍስ። በማንጎ ወራት አሶሳ መንገድ ዳር በባልዲ የሚቸረቸረውን ፍሬ ላየ ሰው የዚህ ግኝት የልማት ትርጉም ግልጽ ነው። እንቅፋቱ ቴክኒካዊ ነው፦ ፎቶ ቤቱ ለጉርድ ፎቶ ያለው ባለ አንድ ቀለም መደብ ነጭ፣ ሰማያዊና ቀይ ብቻ ነው። ጥቁር የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት የለም።

እስካሁን እንደታየው የሁለቱ ወገኖች ብልሃት አንድ ከሆነ ልዩነቱ የት አለ? ጥናቱ የሚያመለክተው ወደ ከፋዩ ነው። በኩርሙክ ፎቶ የሚነሣው ሰው ለአንሺው ይከፍላል። በኦሞ ሸለቆ፣ በሙርሲዎች ዘንድ፣ አንሺው ለሚነሣው ይከፍላል፤ ያውም በየፍላሹ። በጋለሪ ግን የሚከፍለው ሦስተኛ ሰው ነው፤ የተነሣው ብዙ ጊዜ አይሰማም። ለምሳሌ የሂትለር ፊልም ሠሪ የነበረችው ሌኒ ሪፈንስታል ከኩርሙክ በስተ ምዕራብ ርቀው በሚገኙት የኮርዶፋን ኑባ ተራሮች ያነሣቻቸውን ፎቶዎች በ1973 በመጽሐፍ አውጥታ እንደገና ስም አገኘች፤ አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሱዛን ሶንታግ በ1975 ይህንኑ አንሥታ ክፉኛ ተቸቻት። በፈረንጅ አገር ስለ ውበትና ስለ ፋሺዝም ብዙ ተጻፈ። ኩርሙክ ላይ መጽሐፉ ቢመጣ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ይመስለኛል፦ «ይሄ የማን ልጅ ነው?» ጋለሪ ውስጥ ይህን የጠየቀ ሰው ወይኑን ጨርሶ እንዲሄድ በትሕትና ይጠበቃል።

ከዚህ አንጻር የፎቶ ጀርባ ከፊቱ ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ ዘርፉ ግን ችላ ብሎታል። የጋለሪ ፎቶ ጀርባው ላይ የአርቲስቱ ፊርማና ስንተኛ ቅጂ እንደሆነ የሚገልጽ ቁጥር ይኖረዋል። «ራይን 2» በ6 ቅጂ ነው የታተመው፤ ጋለሪዎች «ውስን ኅትመት» ይሉታል። ጉርድ ፎቶም እንደዚያው ቁጥሩ ተወስኖ ይታጠባል፤ ፎቶ ቤቱ ግን «ሌላ ልጨምርልህ?» ይላል፤ ገበያውን የገደለው ይኸው ደግነት ሳይሆን አይቀርም። የቤተሰብ ፎቶ ጀርባ ላይ ደግሞ «ለማስታወሻ» ይባልና የተቀባዩ ስም፣ ቀኑ፣ አንዳንዴም በእስክሪብቶ የተሣለ ጽጌረዳ ይከተላል። የሚፈርመው የተነሣው ሰው ነው። የአንሺው ስም የትም የለም።

በሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ኩርሙክ ላይ ሌላ ዓይነት ካሜራ በዝቷል። ድንበር ተሻግረው የሚመጡትን ለማንሣት ነው። እነዚህ አንሺዎች መመሪያቸው የተገላቢጦሽ ነው፦ «ወደኔ አትዩ፤ እንደነበራችሁ ሁኑ።» ቶቧን አስተካክላ፣ ልጇን አቅፋ፣ ቀጥ ብላ ወደ ካሜራው የምታይ እናት ፎቶውን ታበላሻለች። ዞር ስትል፣ አቧራው ሲነሣ፣ ያን ጊዜ ይነሣል። ሴትዮዋ ግን በማግስቱ ጠዋት ፎቶ ቤቱ በር ላይ ልትገኝ ትችላለች፤ ከወዲያ ማዶ ላለ ዘመድ በስልክ የሚላክ፣ ደኅና መሆኗን የሚያሳይ ፎቶ ትፈልጋለች። አበባ ያለበት መደብ ትመርጣለች። የትኛው ፎቶ እውነተኛ ነው የሚለውን ለፈላስፎች ትቼ፣ ለሁለተኛው ራሷ መክፈሏን ብቻ መዝግቤአለሁ።

ፎቶ አንሺዬን በመጨረሻ ስለ ራይን ጠየቅኩት። ስልኬን ተቀብሎ በሁለት ጣት እየሳበ አጎላው፣ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሰው።

«ሰው የለበትም» አለ።

«አርቲስቱ ነው ያጠፋው።»

«ጥሩ አድርጓል። ለኔ ሥራ ቀነሰልኝ። ላክልኝ።»

ላክሁለት። ከዱባይና ከበረዶው ተራራ መካከል አስቀመጠው፤ የደንበኛ ማሳያ ሰሌዳው ላይም አትሞ ለጠፈው። ዋጋው ከሌሎቹ እኩል ነው። ሣሩ ከፍ ካለ ጫማን ስለሚሸፍን ነጠላ ጫማ አድርጎ ለመጣ ሰው እንደሚሻል ነግሮኛል፤ ሰማዩ ግን ግራጫ ስለሆነ በሰማያዊ ይቀይረዋል።